ካርቶኑ ላይ ያለው ዋት ሐዋሳ ሲደርስ ስንት ይሆናል? ለቤትና ለካምፒንግ የኢንቨርተር ጄነሬተር አመራረጥ

የጄነሬተር ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ትንሽ ኦክስጅን ያገኛል፤ በየ300 ሜትሩም ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ያጣል። ሲደመር እዚህ ሃያ በመቶ ይጠጋል። «2,200 ዋት» ተብሎ የተገዛው ማሽን ሐይቅ ዳር ሲነሳ ከ1,760 ብዙም አይዘልም። ፍሪጅ አላስነሳ ብሎ «ተበላሸ» የሚባል ጄነሬተር ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ሲገዛ ይህ ስሌት አልተሠራለትም።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከሱቅ በፊት ይጀምርና ማሽኑ ግቢ ገብቶ እስኪሠራ ድረስ ይሄዳል።

ኢንቨርተር የሚባለው ምኑ ነው?

ተራው ጄነሬተር 50 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስበት) ለማውጣት ሞተሩን በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ይዞ ያስጮኸዋል። አንድ አምፖል ብቻ ቢሰካበትም ጩኸቱ ያው ነው። ኢንቨርተሩ ግን ያመነጨውን ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ወደ ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ወደሚሄድ ኤሌክትሪክ) ይለውጠዋል፤ ከዚያ በኤሌክትሮኒክ ቦርድ አማካኝነት እንደገና 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ አድርጎ ያወጣዋል። የሞተሩ ፍጥነትና የኤሌክትሪኩ ኸርዝ ስለተላቀቁ ጭነቱ ሲቀንስ ሞተሩ ዝግ ይላል፤ ቤንዚን ይቆጥባል፣ ድምፁም ይለሰልሳል። የሚወጣው ኤሌክትሪክ ንጹህ ስለሆነ ለላፕቶፕ፣ ለቴሌቪዥንና ቦርድ ላላቸው አዳዲስ ፍሪጆች ይስማማል። ጉድለቱ ይህ ቦርድ ራሱ ነው። ባጃጅ የሚጠግን ጎበዝ መካኒክ ካርቡራተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) ያጸዳልዎታል፣ ካንዴላ (እሳት የሚሰጠውን) ይቀይርልዎታል፤ የተቃጠለ የኢንቨርተር ቦርድ ግን አይጠገንም፣ ይቀየራል። ዋጋውም ከማሽኑ ዋጋ ትልቅ ድርሻ ይወስዳል።

1. ጭነትዎን ይቁጠሩ

መጀመሪያ ግልጽ እናድርገው፤ መብራት ሲጠፋ የሚፈልጉት አራት አምፖል፣ ዋይፋይና ቴሌቪዥን ብቻ ከሆነ ጄነሬተር አይግዙ። ያ ሁሉ ተደምሮ ከ150 ዋት አይበልጥም፤ ባትሪና የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ 220 ቮልት የሚለውጥ ትንሽ ኢንቨርተር ያለ ጭስና ያለ ጩኸት ይወጡታል። ጄነሬተር ዋጋውን የሚያወጣው ፍሪጅ፣ የውሃ ፓምፕ ወይም ሰዓታትን የሚወስድ ሥራ ሲኖር ነው።

የተለመዱት ዕቃዎች የሚወስዱት እንዲህ ነው፦

ኤልኢዲ አምፖል 9 ዋት ገደማ
ዋይፋይ ራውተር 10 ዋት
ስልክ ቻርጀር ከ10 እስከ 20 ዋት
ላፕቶፕ 65 ዋት ገደማ
32 ኢንች ቴሌቪዥን ከ50 እስከ 60 ዋት
መካከለኛ ፍሪጅ ሲሠራ 150 ዋት፣ ኮምፕሬሰሩ በሚነሳባት ቅጽበት ከ600 እስከ 1,000
ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው የውሃ ፓምፕ ሲሠራ 550 ዋት፣ ሲነሳ ከ1,500 በላይ
ካውያ፣ የውሃ ማፍያ፣ ስቶቭ ከ1,000 እስከ 2,000 ዋት
የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 ዋት በላይ

የራስዎን ዕቃ ትክክለኛ ቁጥር ከጀርባው ከተለጠፈው ሰሌዳ ያንብቡ። ዋት ካልተጻፈ አምፒሩን በ220 ያባዙ፤ 0.8 አምፒር የሚል ፍሪጅ 176 ዋት ነው።

ስለ ምጣድ አንድ ነገር፤ ሊጡ ኩፍ ብሎ እየጠበቀ መብራት ሲጠፋ ምን ያህል እንደሚያበሳጭ የታወቀ ነው። ሆኖም በእጅ የሚሸከሙት ጄነሬተር ምጣድ አያግልም። ሐዋሳ ላይ ምጣድ ብቻውን እንዲሠራ ሰሌዳው ላይ ያለው ቋሚ ዋት 4,500 አካባቢ መሆን አለበት። ያ ደግሞ ጎማ ያለው፣ ሁለት ሰው የሚያነሳው፣ ቤንዚን የሚጠጣ ማሽን ነው። ለእንጀራ ማገዶ ወይም የመብራቱን መምጣት መጠበቅ ይረክሳል።

አሁን ይደምሩ። ስድስት አምፖል (54)፣ ዋይፋይ (10)፣ ቴሌቪዥን (60)፣ ላፕቶፕ (65) እና ሁለት ስልክ (30) ወደ 220 ዋት ይሆናሉ። ፍሪጁ ሲጨመር በቋሚነት 370 ዋት ነው። ትልቁ ጭንቅ ኮምፕሬሰሩ የሚነሳበት ቅጽበት ነው፤ 220 ላይ 900 ሲደመር 1,120 ዋት። ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ይጻፏቸው። የሚነሳ ሞተር ከአንድ በላይ ካለዎት የመነሻቸውን ዋት አይደምሩ፤ በተራ ያስነሷቸውና ትልቁን ብቻ ይቁጠሩ።

2. ከፍታውን ይቀንሱ

ሐዋሳ ላይ ሁለቱንም ቁጥሮች ለ0.8 ያካፍሉ። 370 ወደ 465 ይሆናል፣ 1,120 ደግሞ 1,400። ስለዚህ የሚፈልጉት ማሽን ሰሌዳው ላይ ከፍተኛው ዋት ቢያንስ 1,400 የሆነ ነው። በገበያ ላይ በብዛት ያሉት 1,000 ዋት እና 2,000 ዋት አካባቢ የሆኑት ናቸው። 1,000 የሚለው እዚህ 800 ስለሚሆን ፍሪጅ ሲነሳ ይወድቃል። ባለ 2,000ው ግን 1,600 ስለሚሰጥ ይወጣዋል፤ ለፓምፕም ሌላው ዕቃ ሁሉ ተነቅሎ ከሆነ በጭንቅ ይበቃል።

ዕቃውን ይዘው ከፍ ወዳለ ቦታ የሚሄዱ ከሆነ ስሌቱ ይከፋል። በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል ወደ ባሌ ተራሮች ሲወጡ ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ማሽኑ ከሲሶ በላይ ጉልበቱን ያጣል። ሳነቲ አምባ ላይ፣ 4,000 ሜትር ገደማ፣ ግማሽ ያህሉ ነው የሚቀረው። በሰሌዳው 1,800 ዋት ቋሚ የሚለው 950 አካባቢ ይሆናል ማለት ነው።

ከዋቱ ጎን አንድ ሌላ ቁጥር ይመልከቱ፤ ሲሲውን፣ ማለትም የሞተሩን መጠን። ሁለት ማሽኖች ሁለቱም «ቋሚ 1,800 ዋት» ብለው አንዱ 79 ሲሲ፣ ሌላው 121 ሲሲ ሊሆኑ ይችላሉ። ባሕር ዳርቻ ላይ ልዩነታቸው ብዙም አይሰማም። እዚህ ግን ትልቁ ሞተር ትርፍ ጉልበት ስላለው ከፍታው የሚወስድበትን ከትርፉ ይከፍላል፤ ትንሹ ሞተር ትርፍ የለውም። ሁለቱ በዋጋ ከተቀራረቡ ለሐዋሳ ሲሲው የሚበልጠውን ይውሰዱ። ይኸው ቁጥር ውሸትም ያጋልጣል። አንድ ኪሎ ዋት ቋሚ ጉልበት ለመስጠት 45 ሲሲ ገደማ የሆነ ሞተር መታሰብ አለበት፤ 80 ሲሲ ሆኖ «3,500 ዋት» የሚል ካርቶን ካጋጠመዎት ቁጥሩን የጻፈው ማተሚያ ቤቱ ነው።

3. ሰሌዳውን በጥንቃቄ ያንብቡ

ሁለት ዋት ይጻፋል፤ ከፍተኛውና ቋሚው። ከፍተኛው ለሞተር መነሻ የሚሆን የአጭር ጊዜ ጉልበት ነው፤ ሰዓታት የሚሸከመው ቋሚውን ነው። ካርቶኑ ትልቁን ብቻ ስለሚያሳይ ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ትንሹን ሰሌዳ ፈልገው ያንብቡ። ለምሳሌ የሆንዳው ኢዩ22አይ ከፍተኛው 2,200፣ ቋሚው 1,800 ዋት ነው፤ 21 ኪሎ ይመዝናል፣ 3.6 ሊትር ቤንዚን ይይዛል። በሩብ ጭነት 8 ሰዓት፣ በሙሉ ጭነት 3 ሰዓት ከትንሽ ይሄዳል። ሌላ ማሽን ሲያዩ በእነዚህ ቁጥሮች ያነጻጽሩት፤ በተመሳሳይ ታንክ «በሙሉ ጭነት 10 ሰዓት» የሚል ካለ አይመኑት። ኪሎ ቮልት አምፒር ብቻ ጽፎ ኪሎ ዋት ያልጻፈ ሰሌዳም ይኖራል፤ በዋት ስንት እንደሆነ ሳይነገርዎት ሁለቱን አንድ ነው ብለው አይቀበሉ።

ቮልቱ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይወድቃል። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ወይም ከዚያ የመጣ ተብሎ የሚሸጠው ማሽን 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ያው የሆንዳ ማሽን የአሜሪካው ዓይነት ኢዩ2200አይ ይባላል፤ መልኩ አንድ ነው፣ ቮልቱ ግን የአሜሪካ ነው። ትራንስፎርመር ቢያስሩበት ቮልቱን ወደ 220 ያወጣዋል፣ ኸርዙን ግን አይለውጠውም፤ ክብደቱና ብክነቱም ይጨመራል። በነጻ ካልተሰጠዎት ይተዉት፤ ከተሰጠዎትም ለስልክና ለላፕቶፕ ቻርጀር ይሁን፣ እነሱ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ከተጻፈባቸው ግድ የላቸውም። ከዱባይ የሚመጡት ቮልታቸው ልክ ቢሆንም ሶኬታቸው አንዳንዴ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ የእንግሊዝ ስለሆነ ለዋጩን አብረው ይግዙ።

ድምፁ በዴሲቤል ይጻፋል። ከስንት ሜትር ርቀትና በምን ያህል ጭነት እንደተለካ ካልተጻፈ ቁጥሩ ዋጋ የለውም፤ የተለመደው 7 ሜትር ሲሆን ብዙዎቹ የሚጽፉት የሩብ ጭነቱን ነው። ግቢው ተከራይና ጎረቤት የበዛበት ከሆነ በሙሉ ጭነት 60 አካባቢ የሚሆነውን ይፈልጉ። አሥር ዴሲቤል ሲጨመር ለጆሮ እጥፍ ያህል ይጮኻል።

በቤንዚንም በሲሊንደር ጋዝም የሚሠሩ አሉ። ጋዙ በመቀመጥ አይበላሽም፣ ካርቡራተር አያቆሽሽም። ግን በጋዝ ሲሠራ ጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ከከፍታው ቅናሽ ላይ ተጨምሮ ማለት ነው። ሲሊንደር አስሞልተው የሚያገኙበት ቦታ ከሌለ ጥቅሙ የለም።

4. ሱቁ ውስጥ ሳይከፍሉ ይፈትኑት

የሐዋሳ ሱቅ ውስጥ የተደረገ ፈተና እውነተኛ ነው፤ ማሽኑ የሚሠራበት አየር ያው ነው። አዲስ አበባ ላይ የተፈተነ ደግሞ ከፍታው ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ እዚህ የተሻለ እንጂ የባሰ አይሆንም። ይዘው የሚሄዱት መልቲሜትር (ኸርዝ የሚለካ) እና ለባለ 2,000 ዋቱ ማሽን የሚሆን አንድ ባለ 1,000 ዋት ስቶቭ ነው። ካውያ አይሆንም፤ ሲግል ራሱን ያጠፋል፣ ጭነቱ ይቋረጣል።

መጀመሪያ ዘይት መኖሩን ያረጋግጡ። አዲስ ማሽን ብዙ ጊዜ ያለ ዘይት ነው የሚመጣው። ዘይት ከሌለ የዘይት መከላከያው ሞተሩን ስለማያስነሳው ሻጩም ገዢውም ገመድ ሲጎትቱ ይውላሉ።

ማሽኑ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ይመልከቱ። ሞቅ ብሎ የጠበቀዎት ማሽን ቀድሞ ተነስቷል ማለት ነው፤ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። በሦስት በአራት ጉተታ መነሳት አለበት።

የቁጠባውን ማብሪያ (ጭነት ሲቀንስ ሞተሩ ዝግ እንዲል የሚያደርገውን) አጥፍተው ያለ ጭነት ይለኩ፤ ከ220 እስከ 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ቀጥሎ የቁጠባውን ማብሪያ ያብሩ። ሞተሩ ዝግ ሲል መልቲሜትሩ 50 ላይ ከቆየ እውነተኛ ኢንቨርተር ነው። ድምፁ ሲወርድ ኸርዙም ከወረደ «ኢንቨርተር» የሚለው ተለጣፊ ብቻ ነው፤ ወይም ድምፁ ጨርሶ ካልተለወጠ ማሽኑ ችግር አለበት።

ስቶቩን ይሰኩና 15 ደቂቃ ያቆዩት። ሞተሩ ትንፋሽ አጥሮት ቢነሳና ቢወድቅ፣ ወይም ቀይ የጭነት መብራት ቢበራ የተጻፈውን ዋት አይሰጥም። ጥቁር ጭስ ያለማቋረጥ ቢወጣ ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ በኋላ እንመለስበታለን።

ያገለገለ ከሆነ ያለ ጭነት ሲሠራ ድምፁን ያዳምጡ። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያለ የሚተነፍስ ከሆነ ካርቡራተሩ ተደፍኗል ወይም አየር ያስገባል፤ ይህ ይጠገናል፣ በዋጋው ላይ ይደራደሩበታል። ሞተሩ ደህና ዞሮ ቮልት ከሌለ ግን ቦርዱ ነው፤ ምንም ያህል ቢረክስ አይግዙት።

በመጨረሻ ሻጩን መለዋወጫ ይጠይቁት። ፊልትሮ፣ ካርቡራተር፣ የማስነሻው ገመድና ስፕሪንግ እጁ ላይ ካሉ በቂ ነው። «ይመጣልዎታል» የሚል ብቻ ከሆነ ስሙ ለታወቀ ማሽን መጨመር ያዋጣል።

5. ለቤት አንድ ትልቅ ወይስ ሁለት ትንንሽ?

አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ኢንቨርተሮች በልዩ ገመድ ተጣምረው ጉልበታቸውን ይደምራሉ። ሁለት ባለ 1,000 ዋት (ለየብቻ 13 ኪሎ ገደማ) ገዝቶ ቤት ሁለቱን ማጣመር፣ ላንጋኖ ወይም ወንዶ ገነት ሲሄዱ አንዱን ብቻ መጫን ይቻላል። ለድንኳን አምፖል፣ ለካሜራ ባትሪ፣ ለስልክና ለትንሽ የመኪና ማቀዝቀዣ አንዱ ሳነቲ ላይ እንኳን ይተርፋል። ነገር ግን ሁለት ካንዴላ፣ ሁለት ዘይት፣ ሁለት ካርቡራተር ይጠብቅዎታል። በዓመት ከሁለት ሦስት ጊዜ በላይ ድንኳን ለማይተክል ቤተሰብ አንድ ባለ 2,000 ዋት ይሻላል። 21 ኪሎ አንድ ሰው ከመኪና አውርዶ ሃምሳ እርምጃ የሚወስደው ክብደት ነው።

ካምፒንግ ላይ ድምፅ በውሃ ላይ ርቆ ይሄዳል። ሐይቅ ዳር ላይ ማሽኑን ከድንኳኑ 20 ሜትር አርቀው፣ ነፋሱ ጭሱን ከሰው ወደ ውጭ በሚወስድበት በኩል ያስቀምጡ። ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ ጄነሬተር ይዘው ከመሄድዎ በፊት የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። መኪና ውስጥ ሲጭኑት ቀጥ ብሎ ይቁም፤ የታንኩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር መክፈቻ ትዘጋ። ካልተዘጋች ከሐዋሳ ሻሸመኔ ሳይደርሱ መኪናው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

6. የት ይቀመጣል?

የሚያወጣው ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ቤት ዘግቶ ከሰል ሲያጤሱ ሰው የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው፤ ሽታ የለው፣ አይታይ። አንድ ትንሽ ጄነሬተር የሚያወጣው ደግሞ ከከሰል ምድጃ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ በረንዳ ላይ፣ ጋራዥ ውስጥ በሩን ከፍቶ፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ መስኮት ከፍቶ የሚባል ነገር የለም። ከመኖሪያው ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፤ ማርሚታው ፊቱን ከቤትዎም ከጎረቤት መስኮትም ያዙር። አጥሩ በተጠጋጋበት ግቢ ይህ ቦታ ላይኖር ይችላል፤ ቦታ ከሌለ ጄነሬተሩ አይገዛም፣ ባትሪ ይገዛል። ድንኳን ውስጥ ወይም ድንኳን በር ላይ ለዝናብ ብሎ ማስጠጋትም ያው ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ካለ መጀመሪያ ሰውን ወደ ውጭ፣ ከዚያ ማሽኑን ማጥፋት፣ ከዚያ ሐኪም ቤት።

ለክረምቱ አራት እግር ላይ የቆመ ቆርቆሮ ይበቃል፤ ጎኖቹ በሙሉ ክፍት ይሁኑ፣ ከማሽኑ እስከ ጣሪያው አንድ ሜትር ይኑር። መሬቱ ደልዳላ መሆን አለበት። ተዳፋት ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚሄድ መከላከያው «ዘይት የለም» ብሎ ሞተሩን ያጠፋዋል።

7. ከቤቱ ጋር ማገናኘት

ቀላሉና አስተማማኙ መንገድ ኤክስቴንሽን ነው፤ ከጄነሬተሩ ወደ ቤት አንድ ገመድ፣ እዚያ ላይ ፍሪጁና ማከፋፈያው። ከ20 ሜትር ለሚበልጥ ርቀት ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ገመድ ይግዙ። ቀጭኑ የሱቅ ኤክስቴንሽን ፍሪጅ ሲነሳ ቮልት ይጥላል፤ ተጠቅልሎ ሳይፈታ ከተሠራበት ደግሞ ግሎ ይቀልጣል።

ሁለቱም ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ ሠርቶ የቤቱን ግድግዳ ሶኬት መመገብ ሰው ይገድላል። ያስገቡት 220 ቮልት በቆጣሪው በኩል ወደ መንገድ ይወጣል፤ ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደርስ ተገልብጦ 15,000 ቮልት ይሆናል። ምሰሶ ላይ ወጥቶ መስመሩ ጠፍቷል ብሎ የሚሠራውን ሠራተኛ የሚያገኘው እሱ ነው። «ዋናውን ብሬከር አጠፋለሁ» ማለት በቂ አይደለም፤ አንድ ቀን ይረሳል። መብራቱ በመሀል ቢመጣ ደግሞ የኢንቨርተሩ ቦርድ ወዲያው ይሄዳል።

የቤቱን መስመር መመገብ ከፈለጉ ቼንጅ ኦቨር ያስገጥሙ፤ ቤቱን ወይ ከመንገዱ መስመር ወይ ከጄነሬተሩ ጋር ብቻ የሚያገናኝ ማብሪያ ነው። ለነጠላ ፌዝ ቤት «ቱ ፖል» የሚባለው ይሁን፤ ፌዙንም ኒውትራሉንም አብሮ የሚቀይር። ምክንያቱ የትንንሽ ኢንቨርተሮች ሁለቱም ሽቦዎች አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት ጋር አልታሰሩም። ቴስተር ሁለቱም ላይ ሊበራ ይችላል፣ ኤሌክትሪሺያኑ ግራ አይጋባ። ምጣድና የውሃ ማሞቂያ ያሉበትን ብሬከር ጄነሬተር ላይ እያሉ አጥፍተው ይቆዩ።

ፍሪጅ ጋርድ ካለ አያንሱት። የሚጨምረው የጥቂት ደቂቃ መዘግየት ኮምፕሬሰሩን ከተደጋጋሚ መነሳት ያድናል። ትልቁ ስታብላይዘር ግን ከኢንቨርተር ጄነሬተር ጋር ሥራ የለውም፤ ቮልቱ ቀድሞ የተስተካከለ ነው።

8. ማስነሳት፣ ማሠራትና ቤንዚን

ሁሉንም ዕቃ ይንቀሉ፣ የቁጠባውን ማብሪያ ያጥፉ። የክዳኑን የአየር መክፈቻና የነዳጁን መክፈቻ ይክፈቱ፣ ቾክ (ለቀዝቃዛ ሞተር ማስነሻ አየር የሚቀንሰውን) ይሳቡ። ገመዱን ቀስ ብለው እስኪከብድ ድረስ ይሳቡት፣ ከዚያ ፈጠን አድርገው ይጎትቱት፤ ሲመለስ በእጅዎ ይሸኙት እንጂ አይልቀቁት፣ ስፕሪንጉ የሚሰበረው እንዲያ ነው። ሲነሳ ቾኩን ቀስ በቀስ ይመልሱ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሙቅ። ፍሪጁን መጀመሪያ ይሰኩ፣ ከተረጋጋ በኋላ ሌላውን፤ የቁጠባውን ማብሪያ በመጨረሻ ያብሩ። ቁጠባ ላይ እያለ ፍሪጅ ሲነሳ ሞተሩ ለመፍጠን ጊዜ ስለማያገኝ አንዳንዱ ማሽን ይወድቃል። ቀይ መብራት በርቶ ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ ዕቃውን ነቅለው ሞተሩን አጥፍተው እንደገና ያስነሱ፤ ብዙዎቹ የሚመለሱት በዚህ ብቻ ነው።

ፍሪጅ ሙሉ ቀን ማሠራት አያስፈልግም። ሳይከፈት አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ደግሞ ሁለት ቀን ገደማ። ከአራት ሰዓት በላይ ሳያቆዩ በየመሀሉ ማሠራት ለአብዛኛው ቤት በቂ ነው። በሩብ ጭነት በሰዓት ግማሽ ሊትር አካባቢ ስለሚጠጣ ለአራት ሰዓት ሥራ ሁለት ሊትር ይበቃል። በጀሪካን መቅዳት በየጊዜው ስለሚገደብ ለማደያው አስቀድመው ይጠይቁ፤ ሲገኝም አሥር ሊትር በቂ ነው። ሲጋራም ምድጃም በሌለበት፣ ከመኖሪያ ቤት ውጭ፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ትኩስ ሞተር ላይ ቤንዚን አይሞላም፤ አጥፍተው አሥር ደቂቃ ይጠብቁ።

9. ምን ይበላሻል፣ ለምን?

ትልቁ ጠላት የቆየ ቤንዚን ነው። አንድ ወር ከዚያም በላይ ካርቡራተር ውስጥ የቆየ ቤንዚን ሙጫ ይሠራና ትንሿን ቀዳዳ ይደፍናል። ምልክቱ በቾክ ብቻ መሥራት ወይም ከፍ ዝቅ ማለት ነው። መፍትሔው ካርቡራተሩን አውርዶ ማጽዳት ነው፤ መከላከያው ግን ከማስቀመጥዎ በፊት የነዳጁን መክፈቻ ዘግተው ራሱ እስኪጠፋ ማሠራት ነው።

ካንዴላ አውጥተው ቀለሙን ይዩ። ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ለከፍታው ቤንዚን በዝቶበታል ወይም የአየር ፊልትሮው ታፍኗል፤ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል። ፊልትሮውን አጽድተው ጥቁሩ ከቀጠለ ጄት የምትባለው ቀዳዳዋ ትንሽ የሆነች የናስ ቁራጭ ለከፍታ በተሠራው ትቀየራለች። አምራቾች ይህን የሚመክሩት ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ማሽን ስለሆነ ሐዋሳ መስመሩን ትንሽ አልፋለች፤ ካንዴላው ጤነኛ ከሆነ አይንኩት። ለከፍታ ያስተካከሉትን ማሽን ዝቅ ወዳለ ቆላ ከወሰዱት ቤንዚን ያንሰውና ይግላል፤ ከመሄድዎ በፊት ጄቱን ይመልሱ። ጄቱ ጭሱን ያስተካክላል እንጂ የጠፋውን ሃያ በመቶ አያመጣም።

ዘይቱ 10 ደብሊው 30 ይሁን፤ በእነዚህ ማሽኖች ግማሽ ሊትር እንኳን አይሞላም። የመጀመሪያው ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ ይቀየራል፣ ውስጡ የብረት ብናኝ ስለሚይዝ። ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በስድስት ወሩ። የአየር ፊልትሮ በየ50 ሰዓቱ ይጸዳል፤ አቧራማ መንገድ ዳር ከሆነ በየ20ው። የካንዴላው ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር። ሰዓት መቁጠሪያ የሌለው ማሽን ከሆነ ያሠሩበትን ቀንና ሰዓት ክዳኑ ውስጥ በለጠፉት ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ይመዝግቡ።

መብራት ባይጠፋም በወር አንድ ጊዜ አስነስተው ፍሪጁን ወይም ስቶቩን ሰክተው 15 ደቂቃ ያሠሩት፤ ከዚያ የነዳጁን መክፈቻ ዘግተው ራሱ እስኪጠፋ ይተዉት።